በጨዋታችን ቁስለኛ አልነበረም

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። የጦር ሜዳ ትዝታቸውን የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ መኮንኖች ናቸው፤ ካርታ ያዩ፣ ትእዛዝ የሰጡ፣ ውጊያውን ከፍ ካለ ቦታ ሆነው የተመለከቱ። እኔ ተራ ወታደር ነበርሁ። ያየሁት አንዲት ኮረብታና ከሥሯ የነበረ የማሽላ ማሳ ነው። የተሸለምሁት ነገር የለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሠራሁትም የሚያስመሰግን አይደለም።

ዘንድሮ ግን በሠላሳ ዓመቴ፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ በማታው ትምህርት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ጦርነቱ ሲያልቅ ገና የሰባትና የስምንት ዓመት ሕፃናት ነበሩ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከመካከላቸው አንዱ «ጋሼ፣ ጦር ሜዳ ግን ምን ይመስላል?» አለኝ። አፌን ስከፍት ደወል ተደወለ። ልጁም ረስቶት ወደ ክፍል ገባ። እኔ ግን አልረሳሁትም። ያን ቀን ልመልስለት ያልቻልሁትን በተቻለኝ ጥንቃቄ እዚህ እጽፋለሁ።

ኮረብታዋን «አገልግል» እንላት ነበር። ከወረታ በስተምሥራቅ ሽቅብ ሲወጡ፣ ከሩቅ ሲያዩዋት ክዳኗ የተገጠመ አገልግል ትመስላለች። እውነተኛ ስሟን የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ እኛ ግን የምንጠይቀው ሰው አላገኘንም። ገበሬው ማሽላውን ሳያጭድ ሸሽቶ ነበር። ስለ አገልግል ከመናገሬ በፊት ግን ወደ ሐይቁ ዳር መመለስ አለብኝ። የጓደኛዬ የይበልጣል ሞት የጀመረው እዚያ ነውና።

ይበልጣልና እኔ ያደግነው በአንድ አጥር ተዋስነን ነው። አባቱ ከደንገል ታንኳ የሚያስሩ ሰው ነበሩ። እሱ ስድስት ዓመት ሲሞላው በሕመም ሞቱ፤ እጃቸው ግን ለልጃቸው ቀረ። ይበልጣል ክንድ የማታክል ታንኳ አስሮ፣ ድንጋይ ጭኖ፣ ሳትሰጥም ሲያንሳፍፋት አይቻለሁ። ለታናሽ እህቱ ለብርቱካን ደግሞ ከደንገል አሻንጉሊት ሠራላት። ራሷን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ፀጉሯን ከበቆሎ እሸት ፀጉር አደረገላት። ብርቱካን እሷን አዝላ ነበር የምትውለው።

እኛ የሰፈሩ ወንዶች ጨዋታችን ጦርነት ነበር። ጠመንጃችን የደንገል አገዳ፣ ማንገቻው ልጥ። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ስለነበር የተጣሉ የክር ማጠንጠኛዎች ያመጣልኝ ነበር፤ እነሱ የእጅ ቦምብ ሆኑ። ቦምቡ የእኔ ስለሆነ አዛዡም እኔ ነበርሁ። ሕጉንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። የተመታ ይወድቃል። የወደቀ ጨዋታው እስኪያልቅ ዝም ይላል። የተናገረ ሴት ነው፤ ከጨዋታ ይወጣል። ሰው ወይ በሕይወት አለ፣ ወይ ሞቷል። በጨዋታችን ቁስለኛ አልነበረም።

ይበልጣል አሻንጉሊት ሲሠራ ያየሁ ቀን ለልጆቹ ነገርሁ። «ይበልጣል ወለደ፣ ይበልጣል ወለደ» እያልን እስከ ውኃው ዳር ተከተልነው። ቃሉን የጀመርሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አሻንጉሊቷን ከእህቱ ጀርባ ነጥቆ ወደ ሐይቁ ወረወራት። ብርቱካን አለቀሰች። በማግሥቱ የደንገል ጠመንጃ ይዞ መጣ። ከሁላችንም ጠመንጃ የእሱ ያምር ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጨዋታ ላይ ተመትቶ ወደቀ። ጨዋታው ሲያልቅ ሁላችንም ተነሣን፤ እሱ ዘግይቶ ተነሣ። የወደቀው በጠርሙስ ስባሪ ላይ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ተተልትሎ ሣሩ ደም ሆኗል። እኛ እየተሯሯጥን ስንጫወት ያን ሁሉ ጊዜ ትንፍሽ ሳይል ተኝቷል።

«አመመህ?» አልሁት።

«ደህና ነኝ» አለኝ።

አያ ታደገ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤታችን ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ያዩን ነበር። ጠሩት። ከአንገታቸው ላይ ወረንጦ አውጥተው ስባሪውን ነቀሉለት። ይበልጣል ዐይኑን እንኳ አልጨፈነም። አያ ታደገ ቀና ብለው እኛን ተመለከቱ።

«አያችሁ፣ እናንት ወሬኞች? ወንድ ማለት ይኼ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲያ አሻንጉሊቷን ያነሣ ሰው የለም። እኔም ቀናሁበት። እቤቱ ሲደርስ እናቱ እማማ አስናቀች እግሩን በሞቀ ውኃ እያጠቡ «ምነው ሳትጠራኝ? ደጃፍ ላይ እኮ ነበርሁ» ሲሉት ሰምቻለሁ።

በ1981 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ስም ዝርዝር ወጣ። የእኔ ስም ነበረበት። የይበልጣል አልነበረበትም፤ ለባልቴት እናት አንድ ወንድ ልጅ በመሆኑ ቀበሌው አልፎት ነበር። ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን የሰፈሩ ወጣቶች አንድ ቤት ተሰብስበን ጠላ እንጠጣለን። ከተመለመሉት አንዱ ወደ ይበልጣል ዞሮ «አንተማ ከእናትህ ጋር ቀርተህ አሻንጉሊት ትሠራለህ» አለው። አሥር ዓመት ያልተነሣች አሻንጉሊት። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በማግሥቱ ጧት ይበልጣል ቀበሌ ሄዶ በፈቃዱ ተመዘገበ።

በምንሄድበት ቀን እማማ አስናቀች እኔን ለብቻዬ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ። አላለቀሱም።

«አደራ ልስጥህ» አሉኝ። «እሱ ሲርበው ራበኝ ይላል። ሲደክመው ደከመኝ ይላል። ሲያመው ግን አመመኝ አይልም። ከልጅነቱ እንዲህ ነው። ስለዚህ አትጠይቀው፤ እየው።»

«አየዋለሁ፣ እማማ» አልሁ።

ከማሠልጠኛ ወጥተን በአሥር አለቃ የሚመራው ጓዳችን ሲደለደል አሥራ አንድ ሆንን። ከነዚያ ውስጥ ሰይድ የሚባል የወረታ ልጅ ነበር፤ አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከአምስት እህቶች መሀል ያደገ ብቸኛ ወንድ ነው። ቁልፍ ሲወልቅብን የሚተክልልን እሱ ነው። ስናሾፍበት አይቆጣም።

«እሜቴ ሰይድ፣ ይቺን እጀ ጠባብ እይልኝ» ይለዋል ይበልጣል።

«ሒሳብህ ያለፈውም አልተከፈለም» ይለዋል ሰይድ መርፌው ላይ ክር እየሰካ። «የኔ መጫወቻ ቁልፍና ክር ነበር። የናንተ ምን ነበር?»

«ጠመንጃ።»

«ታዲያ አሁን ማን ሥራ ፈታ? እኔ የልጅነት ሙያዬ እዚህም ጠቀመኝ። እናንተ ግን ዒላማ ስትስቱ አይቻለሁ።»

ሰይድ እሾህ ሲወጋው ይጮሃል። ጫማ ሲልጠው ይጮሃል። አሥር አለቃችን ጥላዬ አንድ ቀን «አንተ ሰው፣ ጠላት ሳይመጣ ጆሮአችንን ጨረስኸው» አሉት። ሰይድም «አሥር አለቃ፣ እኔ ቤት አምስት እህት አለ፤ ካልጮህሁ ማን ይሰማኛል?» አለ። እንደዚያ ቀን የሳቅንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ትእዛዙ የመጣው በ1982 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነው። አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ የመቶ አዛዣችን ሰበሰቡን። «ነገ አገልግልን እንይዛለን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እንነሣለን። ኮዳ ሙሉ፤ ሌላ ሸክም ቀንሱ» አሉ። ጥያቄ ያለው አልነበረም።

በ11 ሰዓት ተኩል ተነሣን። ጉም ነበር። በማሽላው ውስጥ ተዘርግተን አለፍን። አገዳው ከራሳችን በላይ ነው። በጎን ያለውን ሰው የምናውቀው በኮሽታው ነበር። 12 ሰዓት ሲሆን ከማሽላው ወጥተን ዳገቱን ጀመርን። ጉሙ ተገፈፈ። መትረየስ ከሁለት አቅጣጫ ጀመረን። አሥር አለቃ ጥላዬ ወደቁ። «ወደ ፊት» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ማን እንዳለው አላውቅም። ወደ ፊት ሄድን። ከዳገቱ ግማሽ ላይ አንዲት የድንጋይ እርከን አገኘን። እዚያ ተኛን። ሞርታር ወረደብን። ከዚያ በላይ አልሄድንም። ከላይ የነበሩትም የእናት ልጆች ናቸው፤ እነሱም ትእዛዝ ነበራቸው።

በ4 ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሱ ተባልን። ወደ ላይ ከወጣንበት ይልቅ ወደ ታች የወረድንበት ብዙ ሰው ወሰደ። ማሽላው ውስጥ ስንገባ ተበታተንን። እኔ ከማሳው ወዲያ ያለው ደረቅ ወንዝ ስደርስ ሰይድም ይበልጣልም አልነበሩም።

በ8 ሰዓት ተኩሱ ቆመ። የመቶ አዛዡ «ለቃሬዛ አራት ሰው» አሉ። እጄን አወጣሁ። ሁለት ቃሬዛ ይዘን አራት ሆነን ማሽላው ውስጥ ገባን። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ቁስለኛ አለ?» እንላለን፤ ቆመን እናዳምጣለን። መልሰን እንላለን። በየመሥመሩ የወደቁ አሉ። የማይመልሰውን ሁሉ የሞተ ነው ብለን እናልፋለን። ጎንበስ ብለን የነካነው ሁሉንም አይደለም። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ድንገት ከግራ በኩል ጩኸት ተነሣ። «ኧረ እዚህ ነኝ! ኧረ በአላህ፣ እግሬን! እናቴን!» ሰይድ ነበር። ሮጥን። ጥይት ጭኑን ሰብሮታል። የመጀመሪያው ቃሬዛ ሰዎች ጭነውት ሲነሡ እጄን ይዞ «ይበልጣልም ተመቷል። እዚያ ኩይሳው ጋ። ዝም በል እያለኝ ነው የዋለው» አለኝ።

ከኩይሳው ዞርሁ። ይበልጣል ጀርባውን አስደግፎ ተቀምጧል። ካፖርቱን ጭኑ ላይ አልብሷል፤ ጠመንጃውን ከላይ አጋድሞታል። ከንፈሩ ነጭ ነበር። ይህን አይቻለሁ። አላየሁም አልልም።

«ተመትተሃል እንዴ?» አልሁት።

«ጭረት ናት። ደህና ነኝ።»

«ና፣ ቃሬዛው አለ።»

«ለሚብስበት አድርጉት። እኔ በእግሬ እመጣለሁ።»

ካፖርቱን መግለጥ ነበረብኝ። አንድ እጅ ሰንዝሮ መግለጥ ብቻ ነበር። «አትጠይቀው፤ እየው» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ጠየቅሁት። መልሱንም ወደድሁት። በዚያ ቀን ካየሁት ነገር ሁሉ ያኮራኝ እሱ ብቻ ስለነበር እንደ ልጅነታችን ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት።

«ወንድ ነህ» አልሁት።

ፈገግ አለ። ትቼው ሄድሁ።

ከባልደረባዬ ጋር እስከ ማሳው ጫፍ ሄድን። ሌላ የሚመልስ አላገኘንም። ባዶ ቃሬዛ ይዞ መመለስ ደስ ስላላለን የወደቁ ጠመንጃዎች ሰበሰብን። ሦስት ጠመንጃ ጭነን፣ ከፊትና ከኋላ ይዘን፣ በሌላ መሥመር ተመለስን። ይበልጣል ቀድሞን ደርሷል ብዬ አስቤ ነበር።

ደረቁ ወንዝ ዘንድ አልነበረም። 10 ሰዓት ሆነ። ወደ ኩይሳው ሮጬ ተመለስሁ። እንደተውሁት ተቀምጧል። የወገብ ቀበቶውን አጥፎ በጥርሱ ነክሷል። ካፖርቱን ገለጥሁት። የተመታው ከእምብርቱ በታች ነው። ልብሱ እስከ ጉልበቱ በደም ደርቆ ነበር። በቀበቶው ቆዳ ላይ ጥርሱ ገብቶ ስለነበር ለማስለቀቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

የሻምበሉ የሕክምና ባለሙያ አስከሬኑን አዩት። «ከጧት ጀምሮ እንዲህ ከነበረ ጥቂት ሰዓት ነበረው። በ8 ሰዓት ቢመጣልኝ ወደ ኋላ እልከው ነበር። ይድን አይድን አላውቅም። እልከው ግን ነበር» አሉኝ። ሌላ አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ ስም ተጠራ። ከአሥራ አንዳችን አቤት ያልነው አራት ነን። ሁለት ቆስለው ሄደዋል። አምስት ሞተዋል። ከአምስቱ ሦስቱን በደረቁ ወንዝ ዳር ቀበርን፤ አሥር አለቃ ጥላዬና ሌላው ከዳገቱ አልወረዱም። አገልግል አልተያዘችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላረዝመውም። ጦሩ ተፈታ። እኔም ከብዙ ሰው ጋር ተይዤ ከረምሁ፤ በሰኔ 1983 ዓ.ም. ባሕር ዳር ገባሁ። እማማ አስናቀች ምንም አልሰሙም ነበር። ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሯቸው ጎሕ ሳይቀድ ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድሁ። ልቅሶው ከወጣ በኋላ አያ ታደገ፣ በጣም አርጅተው፣ ከድንኳኑ መካከል ጠየቁኝ።

«እንዴት ሞተ?»

«ሳይጮህ ሞተ» አልሁ።

«ድሮስ» አሉ አያ ታደገ። «ከልጅነቱ አውቀው የለ።» ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ተነሥቶ ፎከረለት። እማማ አስናቀች ከሴቶቹ መሀል ሆነው እኔን ያዩኝ ነበር። የተናገርሁት ሐሰት አይደለም። ግን ፊታቸውን ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም።

ከሰባት ቀን በኋላ ሰይድ በምርኩዝ እየተራመደ ከወረታ መጣ። ለቅሶ ከደረሰ በኋላ በሐይቁ ዳር ስንቀመጥ እንደ ድሮው አልቀለደም።

«ለእናቱ ምን ነገርሃቸው?»

«ሳይጮህ ሞተ አልሁ።»

«እኔስ?» አለ። «እኔ ጮኼ ነው በሕይወት ያለሁት። እሱ ጧቱን ሙሉ አጠገቤ ነበር። ዝም በል፣ ወንድ ሁን ይለኝ ነበር። ብሰማው ኖሮ ዛሬ ሁለታችንም የለንም። ይህን ለእናቱ አልነገርህም።»

«ምን ይጠቅማቸዋል?»

«አላውቅም። አንተ ግን ቀን በቀን ዓይናቸውን ታያለህ፤ እኔ ወረታ ነኝ።»

ሁለት ወር ሳልናገር ቆየሁ። የቡሄ ዕለት እማማ አስናቀች ሙልሙል ጋግረው ጠሩኝ። ብርቱካንም ነበረች። በሜዳው ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፤ ተለቅ ያሉት ደግሞ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገራረፋሉ። ጨዋታው ጥንት የነበረ ነው፤ ቀድሞ ድምፅ ያሰማ ተሸናፊ ነው። እኛ ተቀምጠን ሳለ የስምንት ዓመት ታናሽ ወንድሜ አንዷለም ገባ። ጅራፉ ከትከሻው እስከ ክንዱ ሰንበር አውጥቶበታል። ሰንበሩ ከመሀል ተተርትሮ ይደማል። ጥርሱን ነክሶ ቆመ።

«አመመህ?» አልሁት ሳላስበው።

«ደህና ነኝ» አለ። ቀጥሎም ምስጋናውን ጠበቀ። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

ያን ጊዜ ለእማማ አስናቀች ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ኩይሳው፣ ስለ ነጩ ከንፈር፣ ስላልገለጥሁት ካፖርት፣ ጠመንጃ ስለጫንንበት ቃሬዛ ነገርኋቸው። የመጨረሻ ቃሌ ምን እንደነበርም ነገርኋቸው። ስለ አሻንጉሊቷም ነገርሁ፤ ቃሉን የጀመርሁት እኔ መሆኔን ብርቱካን አታውቅም ነበር። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

እማማ አስናቀች በእጃቸው የያዙትን ሙልሙል አስቀመጡ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

«እሱን ስወልድ ሁለት ቀን አምጬአለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጩኸቴን ሰምቷል። አያ ታደገም ሰምተዋል። ማን ነወረኝ? ጮኼ የወለድሁት ልጅ ቢጮህ ምን ነበር?»

ከዚያ አንዷለምን ወደ እሳቸው ሳቡት። የነጠላቸውን ጫፍ በውኃ አርሰው ሰንበሩ ላይ አደረጉ። ልጁ ትከሻውን አጠነከረ፤ አሁንም የሚያየው እኔን ነው።

«ካመመህ አመመኝ በል» አልሁት።

ወደ ሜዳው፣ ወደ ጓደኞቹ ጩኸት አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ያማል» አለ፤ አለቀሰም። እማማ አስናቀች እስኪበቃው አስለቀሱት።

ጦርነቱ ማለቁ በሬዲዮ የተነገረው በግንቦት ነበር። እኔ ግን ከዚያ የማሽላ ማሳ የወጣሁት ነሐሴ 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው።